ሽቅብ የት ነው?

«ሰሜን» የሚለው ቃል ድሮ ደቡብ ማለት ነበር። በግዕዝ ዘመን የአገሩ መናገሻ አክሱም ነበረች። አክሱም ላይ ቆሞ ተከዜን አሻግሮ ለሚያይ ሰው የሰሜን ተራሮች በስተ ደቡብ ናቸው፤ የተራሮቹ ስምም የዚያው አቅጣጫ ስም ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንዳስረዱት፣ በኋላ የመንግሥቱ ማእከል ወደ ደቡብ እየወረደ ሲሄድ ተራሮቹ ከኋላ ቀሩ። በአዲሶቹ መናገሻዎች ለቆመ ሰው ያው ተራራ በሌላው በኩል ሆነ። ቃሉ ተራራውን አልለቀቀም፤ ትርጉሙን ገለበጠ እንጂ።

ያደግሁት ዳባት ነው። ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትንና ወቅንን እያለፈ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ይገባል። ከደባርቅ በኋላ ደጋው ድንገት ያልቃል፤ መንገዱ በሊማሊሞ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ገደል ሽቅብ ወጥቶ ነው ጎንደር የገባው። በዚህ አገር ቤት ጠይቀው «በቀኝ ታጥፈህ ሦስተኛው በር» የሚል መልስ ብዙም አያገኙም። «ከቤተ ክርስቲያኑ ላይ ነው»፣ «ከወፍጮው ታች ነው» ይባላሉ። የወረዳ ስም እንኳ እንደዚያው ነው፤ ከዳባት በስተ ምዕራብ ያሉት ላይ አርማጭሆና ታች አርማጭሆ ናቸው። ርቀትም ቢሆን በኪሎ ሜትር አይነገርም። «ስትወርድ ሁለት ሰዓት፣ ስትመለስ አራት» ይላሉ። ለካርታ ያው አንድ መንገድ ነው፤ ለጉልበት ግን ሁለት ነው።

ልጅ ሳለሁ ዓለም ሁሉ እንዲህ የሚናገር ይመስለኝ ነበር። በኋላ ሥነ ልቦና ስማር፣ እንደኛ የሚናገሩ ሰዎች ተመራማሪ የሚሄድላቸው ብርቅ ሰዎች መሆናቸውን አወቅሁ። ፔኔሎፒ ብራውንና ስቲቨን ሌቪንሰን በሜክሲኮ ቺያፓስ ተራሮች የሚኖሩትን የጼልታል ተናጋሪዎች አጥንተዋል። የእነዚህ ሰዎች አገር ከደቡብ ወደ ሰሜን ያዘቀዝቃል። ስለዚህ ደቡቡን «ሽቅብ»፣ ሰሜኑን «ቁልቁል» ይሉታል፤ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ፣ ቤት ውስጥም፣ ጠረጴዛ ላይ ስላለ ዕቃም ሲናገሩ። ሌቪንሰን ከሚያነሷቸው ነገሮች አንዷን አልረሳትም። አንዲት ሴት ከባለቤቷ ጋር ከተማ ወርዳ በማታውቀው ሆቴል አደረች። ባሏን የጠየቀችው ጥያቄ፣ ሙቅ ውሃው በሽቅቡ ቧንቧ ነው ወይስ በቁልቁሉ የሚል ነበር። ተራራው ከከተማዋ ሩቅ ነው፤ ከሴትዮዋ ግን አልተለየም።

የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ከዚህ ይነሳል። ሰውም እንስሳም ቦታን ሲማሩ የሚይዙት ምንድን ነው? እርምጃቸውን ነው? ምልክቱን ነው? ወይስ የአገሩን መልክ በጠቅላላው? ደግሞስ ከሁሉ በፊት የሚይዙት የመሬቱን ማዘንበል ቢሆንስ?

ሳይንሱ ወደዚህ ጥያቄ የገባው በአይጥ በኩል ነው። በካሊፎርኒያ በርክሊ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር የነበሩት ኤድዋርድ ቶልማን፣ በዘመናቸው ከነበረው «እንስሳ የሚማረው ሽልማት ሲያገኝ ብቻ ነው» ከሚል እምነት ጋር ተጣልተው የኖሩ ሰው ነበሩ። በ1930 እ.ኤ.አ. ከሆንዚክ ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ አንዱ የአይጥ ቡድን በተጠላለፈ መተላለፊያ ውስጥ ለ10 ቀናት ያለ ምንም ምግብ ዞረ። በ11ኛው ቀን መጨረሻው ላይ ምግብ ተቀመጠለት። በማግስቱ አይጦቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ ምግብ ሲያገኙ ከኖሩት ጋር እኩል ሆኑ። ስለዚህ በእነዚያ 10 ቀናት የተማሩት ነገር ነበር፤ ማሳየት አላስፈለጋቸውም እንጂ። ቶልማን በ1948 እ.ኤ.አ. ለዚህ ዕውቀት ዛሬም የሚሠራበትን ስም ሰጡት፤ የአእምሮ ካርታ አሉት።

ስሙ ከመውጣቱ ከሁለት ዓመት በፊት የተደረገው ሙከራ ግን ይበልጥ ይስበኛል። አይጦቹ እየተጠማዘዘ ወደ ምግብ የሚያደርስ መንገድ ለመዱ። ከዚያ የለመዱት መንገድ ተዘጋና በፊታቸው እንደ ፀሐይ ጨረር የተበተኑ 18 መንገዶች ተከፈቱላቸው። ከሁሉ የበለጠ ድርሻ የያዘው፣ ማለትም 36 በመቶው የመረጠው፣ በቀጥታ ወደ ምግቡ አካባቢ የሚወስደውን መንገድ ነበር፤ ያን መንገድ አንድም ቀን አልረገጡትም። ግሩም ነው። ሆኖም ተቺዎች በኋላ አንድ ነገር አዩ። ከምግቡ በላይ መብራት ተሰቅሎ ነበር። አይጦቹ ካርታ ተከትለው ይሁን መብራቱን አይተው መለየት አልተቻለም። ይህን ጉድለት የምነግራችሁ ቶልማንን ለማሳነስ አይደለም። የዚህ ሙያ ችግር ሁሉ እዚህች መብራት ላይ ስላለ ነው። አንድ ፍጡር ቤቱን አገኘ ማለት፣ በምን አገኘው የሚለውን አይነግረንም።

ቶልማን የጀመሩት ነገር ወደ አንጎል ገባ። በ1971 እ.ኤ.አ. ጆን ኦኪፍ ከዶስትሮቭስኪ ጋር፣ አይጥ አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ስትደርስ ብቻ የሚነቁ ሕዋሳት ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ አገኙ። በ2005 እ.ኤ.አ. ሜይ-ብሪት ሞዘርና ኤድቫርድ ሞዘር ከቡድናቸው ጋር፣ ወለሉን እንደ ንብ እንጀራ በእኩል ርቀት የሚከፋፍሉ ሌሎች ሕዋሳትን አሳዩ። ሦስቱ በ2014 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። በለንደን ደግሞ ኤሊነር ማግዋየርና ባልደረባዋ የከተማዋን መንገዶች ለፈተና የሚያጠኑ 79 የታክሲ ሹፌር ዕጩዎችን ለዓመታት ተከታተሉ፤ ባለፉት 39 ሰዎች አንጎል ውስጥ ይኸው ክፍል አድጎ ተገኘ። ቦታን መማር ሥጋ ይለውጣል ማለት ነው። ይህን ባነበብሁ ቁጥር የግጭ ሰዎች ትዝ ይሉኛል። ግጭ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረ መንደር ነው፤ ነዋሪዎቹ በ2016 እ.ኤ.አ. ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ። የፓርኩ ሣር እንዲያገግም መንደሩ መነሳት ነበረበት የሚለውን ክርክር እረዳለሁ። ግን አንድ ሽማግሌ 70 ዓመት ሙሉ ከአስታው፣ ከጅብራውና ከገደሉ አፋፍ የለቀመው ዕውቀት በጭነት መኪና አይጫንም፤ ለቤትና ለማሳ ግምት ሲወጣም ለዚህኛው መስፈሪያ የለውም።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ከላይ የዘረዘርኋቸው ሙከራዎች አንድ የጋራ ነገር አላቸው፤ ወለላቸው ለጥ ያለ ነው። የቶልማን መተላለፊያ ሽቅብም ቁልቁልም አልነበረውም። ሪቻርድ ሞሪስ በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጡትና ዛሬ በየቤተ ሙከራው የሚሠራበት ዘዴ አይጥ ገንዳ ውስጥ ማስዋኘት ነው፤ ከውሃ የባሰ ሜዳ ደግሞ የለም። በለንደን ኬት ጀፈሪና ባልደረቦቿ በ2011 እ.ኤ.አ. አይጦችን ግድግዳ አስወጥተው ሲመዘግቡ፣ የቦታ ሕዋሳቱ አግድም ርቀትን በደንብ፣ ከፍታን ግን በደካማው እንደሚመዘግቡ አዩ። በጥንቃቄ የተሠራ ሥራ ነው። እኔ ግን የደባርቅ ልጅ ሲያነበው ምን ይል ይሆን እላለሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ ተወልዳ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሞት አይጥ ዳገት የት ታውቃለች?

ሜዳውን ያዘነበሉት ሰው የሥነ ልቦና ፕሮፌሰሩ ዳኒኤሌ ናርዲ ናቸው። ናርዲ ሥራቸውን የጀመሩት ኦሃዮ ውስጥ በቦውሊንግ ግሪን፣ ከቨርነር ቢንግማን ጋር፣ በርግብ ነው። ርግቦቹ ምግብ የሚፈልጉት ያዘነበለ ወለል ባለው አጥር ውስጥ ነበር፤ የአጥሩ ቅርጽም ጎኖቹ እኩል ስላልነበሩ አንዱን ጥግ ከሌላው ለመለየት ይበቃ ነበር። ስለዚህ ርግቧ ምግቡ ያለበትን ጥግ በሁለት መንገድ መማር ትችላለች፤ በቅርጹ ወይም በዳገቱ። ከተማረች በኋላ ተመራማሪዎቹ ሁለቱን አጣሉባት፤ ቅርጹ አንድ ጥግ ሲጠቁም ዳገቱ ሌላውን እንዲጠቁም አደረጉ። ርግቦቹ ዳገቱን ተከተሉ። ይህ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። ሰማይ ላይ የምትውል ወፍ መሬት ስትረግጥ ከሁሉ በፊት የምታምነው እግሯ የሚሸከመውን ማዘንበል መሆኑ አስገርሞኛል።

ቀጥሎ ናርዲ ከኖራ ኒውከምና ከቶማስ ሺፕሊ ጋር ወደ ሰው መጡ። በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ርእሱ ራሱ «ዓለም ሜዳ አይደለችም» ብሎ ይጀምራል። አራት ማዕዘን የሆነ፣ ግድግዳው ምንም ምልክት የሌለው ክፍል ሠሩ። ወለሉን 5 ዲግሪ አዘነበሉት። 5 ዲግሪ በአንድ ሜትር ውስጥ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ማለት ነው፤ በኛ አገር ይህን ዳገት የሚለው የለም። ከአራቱ ጥጎች አንዱ ላይ ዕቃ ይደበቃል፤ ተሳታፊው አቅጣጫው ይጠፋበታል፤ ከዚያ ዕቃውን ፈልግ ይባላል። የሚረዳው ነገር ቁርጭምጭሚቱ፣ ጉልበቱ፣ ሚዛኑና ዓይኑ ስለ ዳገቱ የሚነግሩት ብቻ ነው።

ባጠቃላይ ሰዎቹ ቻሉ። ግን ወንዶቹ ከሴቶቹ በጣም በለጡ፤ ልዩነቱ በግምት አማካዩ ወንድ ከአስር ሴቶች ዘጠኙን የሚበልጥበት ያህል ነበር። ተመራማሪዎቹም ለዚህ ምክንያት ፈለጉ። ሰዎቹ ዳገቱን ልብ እንዲሉ አደረጉ፤ ልዩነቱ አልጠፋም። ምናልባት ባለ ተረከዝ ጫማ ይሆን ብለው ያንንም ፈተሹ፤ አልነበረም። በመጨረሻ ያገኙት ሴቶቹ ሽቅቡ የትኛው መሆኑን ለመለየት ከወንዶቹ የረዘመ ጊዜ እንደወሰደባቸው ነው። ችግሩ ከማስታወስ በፊት፣ ከማስተዋሉ ላይ ነው ማለት ነው።

ይህን ውጤት «ሴት ልጅ ዳገት አታውቅም» ብሎ የሚያነበው ሰው ተሳስቷል፤ ለምን እንደተሳሳተም እነግረዋለሁ። የተፈተኑት አሜሪካ ውስጥ የሚኖሩ፣ በአስፋልትና በሊፍት የሚመላለሱ ሰዎች ናቸው። ማስተዋል ደግሞ በሥራ የሚሳል ነገር ነው። አያቴ በቀን ሁለት ጊዜ 20 ሊትር ውሃ አዝላ ከምንጩ ቤታችን ድረስ ትወጣ ነበር። ውሃ በጀርባዋ ያዘለች ሴት መሬቱ በአንድ ጣት ሲያዘነብል ወገቧ ይነግራታል፤ ካልነገራት ትወድቃለች። ጀሪካኑ ጎዶሎ ከሆነ ደግሞ ውሃው ራሱ እየተንቦጫረቀ ወዴት እንደምታዘነብል ይነግራታል። ከወቅን እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ያለው የሴት ሥራ ሁሉ በዚያ ክፍል ውስጥ የተለካው ነገር ነው፤ ልዩነቱ 5 ዲግሪ ብቻ አለመሆኑ ነው።

ጥናቱ ሌላ ነገርም ይዟል፤ ለኔ የምዕራፉ ልብ ይህ ነው። ሰዎቹ የተደበቀውን ቦታ የያዙት በሁለት ዘንግ ነበር። መጀመሪያ «ላይ ነው ወይስ ታች» ብለው ያዙ፤ «በዚህ ጎን ነው ወይስ በዚያ ጎን» የሚለው ሁለተኛ መጣ። ዳገት ከፍታህን አጥብቆ ይነግርሃል፤ ጎንህን ግን የላላ አድርጎ ነው የሚነግርህ።

ይህን ሳነብ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው የሆነው ነገር መጣብኝ። ነሐሴ ነበር። ጊደራችን ከመንጋው ተለይታ ወደ ሸለቆው ወረደች፤ እኔም ተከትዬ ወረድሁ። ጉም ሲመጣ አላየሁትም፤ ጉም እንደ ዝናብ ከሩቅ እየታየ አይመጣም፤ ከታች ተነስቶ ይውጥሃል። ጊደሯን ፍለጋ ወዲያና ወዲህ ስል ዞርሁ። ክንዴን ብዘረጋ ጣቴ አይታየኝም ነበር። ያም ሆኖ አልፈራሁም። ቤታችን ላይ ነው፤ ሽቅብ ከወጣሁ እደርሳለሁ አልሁ። ወጣሁ። ጭቃው አልቆ ድንጋያማው መሬት ሲጀምር ቤት የሚገኝበት ከፍታ ላይ እንደደረስሁ እግሬ ነገረኝ። ትክክል ነበር። እጄ ካብ ነካ። ካቡ ግን የኛ አልነበረም። ከወንዙ ማዶ፣ በሌላው ሸንተረር፣ ልክ በኛ ቤት ከፍታ ላይ ያለ የሰው ግቢ ነበር። ከፍታዬን አንድ ክንድ አልሳትሁም፤ ጎኔን ግን በሙሉ ስቻለሁ።

ባለቤቶቹ እሳት ዳር አስቀምጠው ጉሙ ሲገልጥ ወሰዱኝ። አያቴ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ውሻው ሲጮህ አልሰማህም?» አለችኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

ታዲያ ለሚለው መልስ አልነበረኝም። ውሻችን ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ሲጮህ ነበር፤ ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ከየት እንደሚመጣም ይሰማኝ ነበር። ግን ለመንገዴ ይጠቅመኛል ብዬ አላሰብሁም። ለብዙ ዓመታት ይህን የራሴ ድንቁርና አድርጌ ነው የያዝሁት።

በ2019 እ.ኤ.አ. ናርዲና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙትን ጥናት ሳገኝ ግን ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። የተሳታፊዎቹን ዓይን በጨርቅ ሸፈኑ፤ ጉም ማለት ይህ ነው። ክብ በሆነ ቦታ ውስጥ አንድ ነገር ያለበትን ስፍራ እንዲማሩ አደረጉ። የሚረዷቸው ነገሮች ሁለት ነበሩ፤ ያዘነበለ ወለልና ከተወሰነ ቦታ የሚመጣ ድምፅ። ሰዎቹ ወለሉን ተጠቀሙበት፤ ዓይን ሳይኖር እግር ብቻ በቃ። ድምፁን ግን አልተጠቀሙበትም። ከየት እንደሚመጣ ቢጠየቁ በትክክል ያሳያሉ፤ በማስታወሻቸው ላይ ግን አላስቀመጡትም። በሁለተኛው ሙከራ ወለሉን ሜዳ አድርገው ድምፁን ብቻ ሰጧቸው፤ አሁንም አልያዙትም። በሦስተኛው «ድምፁን ተጠቀሙበት» ተባሉ፤ ያኔ ቻሉ። ችሎታው ነበራቸው፤ ሰው እስኪያመላክታቸው ድረስ ግን ወደ እሱ አልሄዱም። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ ሲጮህ የነበረውን ውሻ ሰምቶ በሌላው ሸንተረር የወጣው እንደዚሁ ነበር።

ሌሎች ፍጥረታት ይህን ሥራ እንዴት እንደሚሠሩት ብናይ፣ ከሁሉ በፊት የምትጠቀስ አንዲት ጉንዳን አለች። የቱኒዚያ በረሃ ጉንዳን ምግብ ፍለጋ ተጠማዝዛ ሄዳ በቀጥታ መስመር ጎጆዋ ትመለሳለች፤ ርቀቱን የምትለካው እርምጃዋን በመቁጠር ነው። ሩዲገር ቬነርና ባልደረቦቹ በ2001 እ.ኤ.አ. ጉንዳኖቹን ጉብታ በጉብታ በሆነ መተላለፊያ አስኬዷቸው፤ ሲወጡና ሲወርዱ የረገጡት ርቀት ከአግድሙ በጣም ይበልጣል። ከዚያ በሜዳ ሲመልሷቸው የሄዱት የረገጡትን ያህል ሳይሆን አግድሙን ያህል ብቻ ነበር። ጉንዳን ዳገቱን ከሂሳቡ ትቀንሳለች። እኛ «ስትወርድ ሁለት፣ ስትመለስ አራት» የምንለው ለጉንዳን አንድ ነው።

ንብ ደግሞ ዳገትን ቋንቋ አድርጋዋለች። ካርል ፎን ፍሪሽ እንዳሳዩትና በ1973 እ.ኤ.አ. ኖቤል እንዳገኙበት፣ ከቀሰም የተመለሰች ንብ በቀፎው ጨለማ ውስጥ በቆመ እንጀራ ላይ እየጨፈረች አበባው ያለበትን ለእህቶቿ ትናገራለች። ጨለማ ውስጥ ፀሐይ የለችም። ስለዚህ ንቧ ፀሐይን በ«ሽቅብ» ትተካታለች፤ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ከጨፈረች አበባው በፀሐይ አቅጣጫ ነው ማለቷ ነው። ንብ የሚያረባ ገበሬ ደግሞ የንብን የቦታ ዕውቀት በራሱ መንገድ ያውቀዋል። ቀፎ ሲያዛውር በሌሊት ነው፤ ያውም ትንሽ ከተዛወረ ንቦቹ በማግስቱ ተመልሰው የድሮው ቦታ ላይ፣ ባዶ አየር ላይ ይሰበሰባሉ።

ከሁሉም ግን በሰሜን አፋፍ ላይ ዳገትን ኑሮው ያደረገው ጭላዳ ነው። ጭላዳ በምድር ላይ በዱር የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሣር የሚግጥ ዝንጀሮ ነው። ሌሊቱን ገደሉ ፊት ላይ፣ ሰው በማይደርስባት ቋጥኝ ላይ ያድራል። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ አፋፉ ይወጣል፤ ቁጭ ብሎ ይቀማመላል፤ ከዚያ መንጋው፣ አንዳንዴም መቶዎች ሆኖ፣ ሣሩ ላይ ይበተናል። ሲመሽ ተመልሶ ይወርዳል። ቀን ላይ ውሻ ወይም ነብር ከታየ ሁሉም አንድ ጊዜ ይሮጣል፤ ወደየትም አይበተንም፤ ወደ ገደሉ ነው። ለኛ ገደል የመንገድ መጨረሻ ነው። ለጭላዳ ግን ቤትም፣ መጠጊያም፣ ቀኑ የሚለካበት መስመርም ነው።

ሮቢን ደንባርና ባለቤቱ በ1971 እ.ኤ.አ. ሳንቃበር ላይ ድንኳን ተክለው ጭላዳን አጥንተዋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ማሳኦ ካዋይ የመሩት የጃፓን ቡድን ግጭ ላይ ሰፈረ። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ቶር በርግማንና ጃሲንታ ቢነር ያቋቋሙት ጥናት አለ። በርግማን በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጡት ውጤት የብዙ ሰው ግምት አፍርሷል። የተቀዳ ድምፅ ሲያሰሟቸው ወንዶቹ ጭላዶች ዘወትር አብረዋቸው የሚግጡ ሌሎች ወንዶችን እንኳ በድምፅ የለዩ አልመሰሉም። ጭላዳ ሞኝ ሆኖ አይደለም። አእምሮ እንደ ዝናብ በሁሉም ማሳ እኩል አይወርድም፤ የሚያስፈልገው ላይ ይጠራቀማል። የገደሉን ፊት የማያውቅ ጭላዳ አንድ ሌሊት አያድርም፤ የጎረቤቱን ድምፅ ያልለየ ግን መጋጡን ይቀጥላል።

ከሰሜን ርቆ፣ በምሥራቁ ቆላ ኤረር ጎታ አካባቢ፣ ጎፈሪያሙን ሃማድርያስ ዝንጀሮ ያጠኑት የስዊዘርላንዱ ሃንስ ኩመር ያዩት ነገር ደግሞ የቦታ ዕውቀት በቡድን ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ዝንጀሮቹ ገደል ላይ አድረው ጠዋት አፋፉ ላይ ይቀመጣሉ። አንዱ ወንድ ተነስቶ ጥቂት ሜትር ወደ አንድ አቅጣጫ ሄዶ ይቀመጣል። የሚከተለው ካለ ያ ወገን ይረዝማል፤ ከሌለ ይመለሳል። በሌላ በኩል ሌላው ይሞክራል። መንጋው እንደ ሊጥ በዚህም በዚያም ሲሳብ ይቆይና በመጨረሻ በአንዱ በኩል ፈስሶ ይሄዳል። የኩመር ተማሪ የነበሩት አሌክስ ሽቶልባ ሲከታተሉ፣ መንጋው ጠዋት የወጣበት አቅጣጫ እኩለ ቀን ላይ ውሃ የሚጠጣበትን ጉድጓድ አቅጣጫ አስቀድሞ የሚናገር ሆኖ አገኙት። ቀን ተለያይተው እየፈለጉ ይውሉና እዚያው ይገናኛሉ። ጠዋት አፋፉ ላይ የነበረው መሳሳብ ገና ያልታየ ውሃ ላይ የተደረገ ምክክር ነበር።

በጉም የጠፋሁበት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በሚቀጥለው ክረምት አያቴ ወደ ምንጩ ይዛኝ ወረደች። ጉም ነበር፤ ሆን ብላ የመረጠችው ቀን ሳይሆን አይቀርም። መንገዱ ግማሽ ላይ አስቆመችኝ።

«ዝም በል። ወንዙ በየት በኩል ይሰማሃል?»

«በቀኜ።»

ትከሻዬን ይዛ አዞረችኝ።

«አሁንስ?»

«በግራዬ።»

«ወንዙ ዞረ እንዴ?»

«አልዞረም።»

«እንግዲያው ቀኝና ግራውን ተወውና ንገረኝ።»

ብዙ ቆየሁ። ከበታቼ ውሃው ድንጋይ ላይ ሲወርድ ይሰማል፤ ከበላይ ሩቅ የሆነ ውሻ ይጮሃል፤ እግሬ ሥር መሬቱ ወደ ጣቶቼ ያዘነብላል።

«ታች ነው» አልኋት። «ከወፍጮው ወገን። ውሻው ደግሞ የኛ ነው፤ ላይ ነው ያለው፣ ከካቡ ጎን።»

ጀሪካኑን ከትከሻዋ አውርዳ ሰጠችኝና «በል፣ ምራኝ» አለች።